የሚያነብ ጠራዥ ገጽ ይጥላል

ግንቦት ፫

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ሰላምታ ሲረዝም ከኋላው የተደበቀ ነገር አለ የምትለው አንተው ነህ። ደህና ነኝ። እትዬ መርፌም ደህና ናቸው፤ ምላሳቸውም እንደ ክራቸው አልተበጠሰም።

ወር ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ተቀይሜህ አይደለም። ወሩን በምን አሳለፍሽው ላልከኝ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ሳነብ።

አሁን ከወንበርህ እንደተነሳህ አውቃለሁ። ተቀመጥ።

ሐኪሙ ቀኝ እጄን ከጣውላ ጋር አስሮ ለአንድ ወር መዶሻ እንዳትነኪ አለኝ። መስፋቱን ያው ከአባባ ጊዜ ጀምሮ የሚሰፉት እትዬ መርፌ ያዙት፤ የመጽሐፍ መጭመቂያው ሥራ ፈታ፤ እኔም ሥራ ፈታሁ። ከጥረዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ ደንበኞች አምጥተው፣ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ሳይወስዱ የቀሩት መጻሕፍት መደርደሪያ አለ፣ ታስታውሰዋለህ። አንዳንዱ ባለቤት ሞተ፣ አንዳንዱ ሰፈር ለቀቀ፣ አንዳንዱ ዋጋውን ሲሰማ መጽሐፉን መውደዱን ተወ። ከዚያ መደርደሪያ በግራ እጄ አንዱን ሳብኩና ከፈትኩት።

የአባባን ሕግ ልታስታውሰኝ ብዕርህን እንዳታነሳ። «የሚያነብ ጠራዥ ገጽ ይጥላል።» ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሕግ ኖሬያለሁ። የአንዱን እጥፍ ወረቀት የመጨረሻ ቃል ከሚቀጥለው እጥፍ የመጀመሪያ ቃል ጋር አገናኝቶ ማየት፣ ከገጠመ ዓይንን አንስቶ ወደ መርፌው መሄድ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አውቃለሁ ጋሼ፣ ሁሉንም ግን በመገጣጠሚያቸው ብቻ። ሰውን በጉልበቱ ብቻ እንደማወቅ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ንብ ማርባት ነበር። ንብ እንደምፈራ ታውቃለህ። ደራሲው ግን በየምዕራፉ ከሌላ ንብ አርቢ ጋር ይጣላል፤ ስሙን ሳይጠራ «አንድ ራሱን አዋቂ ያደረገ ሰው» እያለ ያብጠለጥለዋል። ንቦቹን ረስቼ ጠቡን ስከታተል ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ያ ሰው ሞተና ደራሲው ሁለት ገጽ ሙሉ አለቀሰለት። እኔም ከፋኝ። ከማን ጋር ይጣላ እንግዲህ?

ቀጥሎ አንድ ወፍራም ልቦለድ አነሳሁ፤ ሦስት ትውልድ፣ ሁሉም ወንዶች በአያታቸው ስም የሚጠሩ። ዘጠና ገጽ ታገስኩ። በዘጠና አንደኛው ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደና ስም ሊያወጡለት ተሰበሰቡ፤ ዘጋሁት። የአንድ መንገደኛ ማስታወሻም አነበብኩ፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ የሚጽፈው ስላደረበት ፍራሽ ብቻ ነው። ለሱም አፍንጫህን ላስ ብዬ መለስኩት።

የፍቅር መጽሐፍም አለ፣ ቀሽም። ቀሽም እንደሆነ እያወቅሁ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እትዬ መርፌ ክራቸውን ጥለው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ልጅቷ ደብዳቤው ሳይደርሳት ሌላ አገባች አልኳቸው። «ሞኝ ናት» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ፤ ትንሽ ቆይተው ግን «ያገባችው ሰው ደህና ነው ወይ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከመደርደሪያው ያገኘኋቸውን ግጥሞች መጀመሪያ ስከፍታቸው ምንም አልገባኝም፣ ወረወርኳቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ቆሜ አነበብኳቸው። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ ቁጭ ብሎ የሚነበብ አልመሰለኝም። ለሚስቶች ምክር የሚሰጥ መጽሐፍም ነበር፤ ባሏ ሲገባ ፊቷን እንዴት እንደምታበራ፣ ሲያኮርፍ እንዴት እንደምትለሳለስ። እሱን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ አጭር እግር ስር አስገባሁትና ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ወደዚህ ዓለም ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይመስለኛል።

እንዲህ ነው፤ ግማሹን ወደድኩ፣ ግማሹን ሰደብኩ፣ ሁለቱም ደስ አለኝ። ሐኪሙ የሰጠኝ ወር አልቋል። ማንበቤ ግን አላለቀም። እወቀው ብዬ ነው።

እህትህ ሙጬ

ግንቦት ፲፪

ለሙጬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን በደንብ ለመናደድ ብዬ ነው። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ልጆቹም «አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው?» ይላሉ።

ስለ ንብ ጻፍሽ፣ ስለ ፍራሽ ጻፍሽ፣ ስለማታውቂያት ልጅ ባል ጻፍሽ። ስለ እጅሽ ግን ታሰረ ከማለት በቀር አንድም ነገር የለም። ተፈታ? ይታጠፋል? ይሄን ልንገርሽ ብሎ ማሰብ ከባድ ነው?

ስለ አባባ ሕግ ብዕር እንዳታነሳ ብለሻል፣ አንስቻለሁ። ያ ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ ተጎንብሶ ነው እኔን ያስተማረ፣ አንቺን ሙያ ያስያዘ። አንድ ነገር ብቻ ለመነን። እሱ ያቆመው መጭመቂያ አጠገብ ተቀምጠሽ የሰው መጽሐፍ ስትገልጪ ምንም አልተሰማሽም?

አሁን ዋናውን ልናገር። ከጎናችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ጽፎልኛል፤ ክፍሏን መግዛት ይፈልጋል። እውነቱን እንነጋገር ካልን ዛሬ መጽሐፍ የሚያስጠርዝ ማን አለ? እትዬ መርፌም ደክመዋል። ክፍሏ የሁለታችን ውርስ ስለሆነች ያላንቺ ፊርማ የሚሆን ነገር የለም። ፈርሚና ወደኛ ነይ። ባለቤቴ የጓሮውን ክፍል አጽድታዋለች፤ መስኮት አለው፣ ፀሐይ ይገባዋል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ፀጉርሽን ያበጠርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቢሆን አንቺን ማኖር አያቅተኝም። በአንድ እጅ ብቻሽን ስትታገይ ከሩቅ ሆኜ ማሰብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

እምቢ ለማለት እንዳትቸኩዪ።

ወንድምሽ

ግንቦት ፳

ይድረስ ለጋሼ፣

አይሆንም።

ቃሉን ከፊት ያስቀመጥኩት በሰላምታ መሃል ስትፈልገው እንዳትደክም ነው። እንደምን ከረማችሁ? ባለቤትህን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፤ ከልቤ ነው፣ ክፍል ማጽዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ልጆቹን ሳምልኝ። ክፍሉን ግን ለእነሱ መጫወቻ አድርጉት።

በፖስታው ጀርባ «ጽሕፈትሽ ለምን ተንጋደደ?» ብለህ በእርሳስ የጻፍካትንም አይቻታለሁ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ጠረጴዛው እየተወዛወዘብኝ ነው። እጄ ተፈትቷል፣ ደህና ነው። በቃ።

አሁን ባለፈው ደብዳቤዬ የዘለልኩትን አንድ መጽሐፍ ልንገርህ። ዘልዬው የነበረው አባባን ስለሚነካ ነው፤ አንተ ግን በአባባ መጣህብኝ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ የመርማሪ ታሪክ አገኘሁ። መርማሪው ነፍሰ ገዳይ እያሳደደ ነው፤ ከመጽሐፉ እኩሌታ አለፍ ብሎ ተተኩሶበት ይሞታል። ይቀበራል፤ ሚስቱ መቃብሩ ላይ ትወድቃለች። ገጹን ስገልጥ ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ፂሙን እየተላጨ ስለ ሳሙናው ያማርራል። ጉድ አልኩ። ደራሲው አንድ ብልሃት አለው፣ ቆይቶ ይፈታልኛል ብዬ ቀጠልኩ። ሟቹ ቁርሱን በላ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ፣ ከሚስቱ ጋር ቀለደ። ይሄን ሁሉ ገጽ ሳነብ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ትዝ አላለኝም፤ በኋላ ነው ተመልሼ መገጣጠሚያውን ያየሁት። አይገጥምም። ሁለት እጥፎች ቦታ ተለዋውጠው ተሰፍተዋል።

የማን ስፌት ነው ብዬ ጀርባውን ከፍቼ ቋጠሮውን አየሁ። የግራ እጅ ቋጠሮ ነው። በዚያ ቤት በግራ እጁ የቋጠረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መጽሐፉን ወስጄ እትዬ መርፌ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። እንደ እባብ ነው የሸሹት። «ይሄ ነገር እስካሁን አለ?» አሉ። ከዚያ ተናገሩ። አባባ ያንን መጽሐፍ ሲሰፋ ታሪኩ ያዘው። እጥፎቹን በተራ እየሰፋ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ማወቅ አላስችል ሲለው፣ ከክምሩ ስር ወደፊት የሚመጡትን መዞ መጭመቂያውን ተደግፎ አነበበ። ሲመልሳቸው ቦታ ሳተ። ባለቤቱ ከቀናት በኋላ መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ጠራዥ ነህ ቀልደኛ?» አለው። አባባ መጽሐፉን አንስቶ ከመደርደሪያው ጥግ ሸጎጠው። ሕጉ የወጣው በማግስቱ ነው። አንተ ያኔ ገና ድክ ድክ ትላለህ፣ እኔ ጭራሽ አልተወለድኩም።

እኛ ከአባቶች የወረደ ጥበብ መስሎን! ጥበብ አልነበረም ጋሼ፣ እፍረት ነው። የአንድ ቀን እፍረት ሕግ ሆኖ ሁለታችንን ዕድሜ ልካችንን ከለከለን። በሕይወቱ ያ ሰው የሠራው አንድ ስህተት ነው፤ እሱንም አንባቢ ካልሆነ በቀር ማንም አይሠራውም።

እትዬ መርፌ መጨረሻ ላይ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «አባትሽን በሥራ ላይ ሲስቅ ያየሁት ያን ሳምንት ብቻ ነው።» ይሄን ከሰማሁ በኋላ በሱ ስም አታስፈራራኝ።

ሙጬ

ሰኔ ፩

ለሙጬ፣

እትዬ መርፌ ይህን ሁሉ ዓመት አፋቸውን ዘግተው ከኖሩ፣ እስከ መጨረሻው ቢዘጉት ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም? ንገሪያቸው፣ ተቀይሜያቸዋለሁ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመጭመቂያው ኋላ፣ ካርቶን የሚቆለልበት ጥግ ተደብቄ ሳነብ አባባ አገኘኝ። ስለ መርከበኞች ነበር። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። መጽሐፉን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወስዶ በመዳፉ ጠረገውና «ይሄ የኛ አይደለም፣ የሰው ነው» አለኝ። ዱላ ቢሆን ይረሳል። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሰነድ በቀር ምንም አንብቤ አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥ ከልጆቹ የትምህርት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ የለም። መርከበኞቹ ከደሴቲቱ ይውጡ አይውጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን አንቺ ይህ ሁሉ የሆነው አባባ ራሱ አላስችል ብሎት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ልሳቅ?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠረጴዛሽ አይወዛወዝም። የሚስቶቹን መጽሐፍ ከእግሩ ስር አስገብቼው ቀጥ አለ ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሕንጻ ስቆጣጠር ነው፤ ተቋራጭ ሁሉ በየቀኑ ሲዋሸኝ ይውላል፣ አንቺ ደግሞ ከነሱ ትብሻለሽ። ሰው ጽሕፈቱ እንዲህ የሚንጋደደው በሌላ ምክንያት ነው። እጅሽ ምን ሆነ? ይሄንን ካልመለስሽልኝ ሌላውን ሁሉ አትጻፊልኝ።

የፎቶ ኮፒው ሰውዬ ሰኞ ክፍሉን ሊለካ ይመጣል። እምቢታሽ ሳይደርሰኝ ቃል ሰጥቼው ነበር። ልኬት ፊርማ አይደለም፤ በሩን ክፈችለት፣ አታዋርጂኝ።

ወንድምሽ

ሰኔ ፲

ይድረስ ለጋሼ፣

ተያዝኩ።

አውራ ጣቴና ከሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጣቶች አይገጥሙም። ሐኪሙ ጣውላውን ሲፈታ እርሳስ ሰጠኝና ያዢ አለኝ፤ ወደቀ። ደግሞ ሰጠኝ፤ ወደቀ። የሃያ ስድስት ዓመት መዶሻ ጅማቱን በልቶታል፣ የሚመለስ አይመስለኝም አለ። ማሰሮ በእጀታው ማንጠልጠል፣ በር መግፋት እችላለሁ። መዶሻና ወስፌ ግን ከእንግዲህ የለም። ከግንቦት ጀምሮ የደረሱህን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፍኩት በግራ እጄ ነው፤ ይሄኛው ከሁሉም ይሻላል፣ ልብ ብለህ እይልኝ።

ለምን ደበቅሽኝ ብለህ ትጮህ ይሆናል። ብነግርህ በማግስቱ መጥተህ እንደ ዕቃ ጠቅልለህ ትወስደኝ ነበር፤ እኔም በዚያ ሰሞን እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ፈርቼ ነበር ጋሼ። ያን የንብ መጽሐፍ የከፈትኩት ለደስታ እንዳይመስልህ፤ የታሰረ እጄን ላለማየት ዓይኔን የማሳርፍበት ስፈልግ ነው። ከዚያ ያ ጠበኛ ሽማግሌ ሳላስበው አሳቀኝ። መጥፎዎቹም ቢሆኑ ጠቅመውኛል፤ በባለ ስድስት መቶ ገጹ ልቦለድ ላይ የተናደድኩት ንዴት እጄ ላይ ሳይወርድ ቀረ። ሌላ ሰው ጠበል ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ይጠጣል፣ እኔ አነበብኩ። ማንንም አላስቸገርኩም።

ሰውየው ሰኞ መጣ። በሩ ክፍት ነበር፣ አላዋረድኩህም። ሜትሩን ዘርግቶ «ወንድምዎ ልኮኝ ነው» አለ። እያነበብኩ ስለነበር ምዕራፉን ልጨርስ፣ ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ። ምዕራፉ ረጅም ነበር። ሲሰለቸው «ጥሩ መጽሐፍ ነው?» አለኝ። «በጣም መጥፎ ነው» አልኩት። «ታዲያ ለምን ያነቡታል?» «እስከ ምን ድረስ መጥፎ ሊሆን እንደሚችል ላይ ብዬ።» ተነስቶ መለካት ጀመረ። እትዬ መርፌ ከወንበራቸው ንቅንቅ ስላላሉ ዙሪያቸውን ለካቸው፤ እሳቸውም ክራቸውን በጥርሳቸው እየበጠሱ «እኔንም ጨምረህ ጻፈኝ፣ ከክፍሉ ጋር ነኝ» አሉት። መጭመቂያው ጋ ሲደርስ ከወለሉ ጋር መታሰሩን አይቶ «ይሄ ይነሳል?» አለኝ። «እኔ ከተነሳሁ ይነሳል» አልኩት። ሜትሩን ጠቅልሎ ለወንድምዎ እጽፋለሁ ብሎኝ ሄደ። ይጻፍልህ።

አሁን የምነግርህን እንደ ልመና እንዳትሰማው፤ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። መዶሻና መጭመቂያውን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሠሪ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይይዛል፤ ቆዳ ያውቃል፣ ወሬም አያበዛም። መስፋቱ የእትዬ መርፌ ነው። የኔ ሥራ ማንበብ ነው። አዎ፣ በጥረዛ ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ በሩ ተከፍቶ። የሚገባውን መጽሐፍ ሁሉ ሳይሰፋ በፊት ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ አስተማሪ ያመጣው መጽሐፍ መሃሉ ላይ አንድ እጥፍ ጎድሎት ከማተሚያ ቤት መጥቶ ነበር። የመጨረሻው ቃልና የመጀመሪያው ቃል በአጋጣሚ ገጥመዋል፤ እንደ ድሮዬ ባየው ኖሮ አልፈው ነበር። ያወቅሁት አያትየው የታመሙበትን ሳላነብ ቤተሰቡ ከቀብራቸው ሲመለስ ስለደረስኩ ነው። አስተማሪው የጎደለውን ይዞ ሲመለስ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ይዞ መጣ። ስለዚህ የሚያነብ ጠራዥ ገጽ አይጥልም ጋሼ። አፍሮ ማንበብ ሲተው ነው የሚጥለው።

አልፈርምም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝም ብሆን ወረቀትም ብሆን ይህችን ክፍል አልለቅም። አንተን መናፈቄ እውነት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብዋሽህ ይሄን አልዋሸሁህም። ናፍቄህ ከሆነ ና። ልታዝንልኝ ከሆነ ግን እዚያው ሁን።

እህትህ ሙጬ

ሰኔ ፳፩

ለሙጬ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ስለ እርሳሱ የጻፍሽው ጋ ስደርስ አቆምኩ፤ ስመለስበት ደግሞ አቆምኩ። ስለሱ ሌላ አልጽፍም።

ገና እንደተቆጣሁ ነኝ። ደብቀሽኛል፣ ይሄ አልወጣልኝም፤ ለእረፍት ስመጣ ፊት ለፊት እንጣላለን። የምመጣው ላዝንልሽ አይደለም፣ ልጣላሽ ነው፤ ይሄን ፈቅደሻል ብዬ ነው የማስበው። እትዬ መርፌን ደግሞ ይቅርታ በያቸው።

ሰውየው ጽፎልኛል። «እህትዎን ማነጋገር አይቻልም፣ ያነባሉ» ይላል። ክፍሉ አይሸጥም ብዬ መልሼለታለሁ። ውርሱ የሁለታችን ስለሆነ፣ የኔንም ድርሻ ከመጭመቂያው ጋር እሰሪው።

እሑድ መጽሐፍ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ «ለስንተኛ ክፍል ልጅ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ስለ መርከበኞች የሆነ ነገር አለህ ወይ አልኩት፤ አንድ ሰጠኝ። አርባ ገጽ ሄድኩበት፣ ቀሽም ነው፤ መርከቡ ገና ከወደቡ አልተነሳም። ተውኩትና ተመልሼ ሌላ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ባለቤቴ መጥታ የወጥ ቤቱ ቧንቧ እየተንጠባጠበ ነው አለችኝ።

ይንጠባጠብ አልኳት።

ወንድምሽ